ዘጠኙ የኖራ ጣቶች

ሴትዮዋ በአዳራሹ ደጃፍ፣ ራሷን ሦስተኛው የድንጋይ ደረጃ ላይ ጥላ፣ በጀርባዋ ተዘርግታለች። መሰላሉ አጠገቧ ወድቋል። የተደፋው የኖራ ባልዲ ደረጃውን ነጭ አልብሶታል።

መርማሪው አጎንብሶ ቆየ። ጉልበቱን ያመዋል። በፖሊስነት ሃያ ስድስት ዓመት ሲያገለግል፣ ከእሱ በኋላ የተቀጠረ ሁሉ አለቃ ሆኖበታል። ትምህርቱን ከአራተኛ ክፍል ስላቋረጠ ጣቢያው ውስጥ ስሙ «አራተኛ» ነው። ይህን ስም ያወጡለት ደግሞ አሻራ ማንሳት ያስተማራቸው ልጆች ናቸው።

«አራተኛ፣ ቶሎ ዝጋው» ብሎት ነበር አለቃው በስልክ። «አሮጊት ከመሰላል ወደቀች፣ በቃ። ከንቲባ ቢሮ ዛሬውኑ ሥራ ማስጀመር ይፈልጋል።»

ሥራ የተባለው በር ላይ ቆሟል፤ ሞተሩ የበራ ቢጫ ዶዘር። አዳራሹን አፍርሶ ለባለ ሃያ ፎቅ ሕንፃ ቦታ ሊያዘጋጅ ነው የመጣው። አዳራሹን ያቆመው ግን የሰፈሩ ሰው ነው፤ ሦስት ዓመት ሙሉ በዕረፍት ቀኑ፣ ድንጋይ በትከሻው እየተሸከመ። ቀን የሕፃናት ማቆያ፣ ከሥራ መልስ የጎልማሶች መማሪያ ነው። የሰፈሩ ኮሚቴ ሊቀመንበር ካልፈቀደ ማንም እንዳይነካው የከተማው ደንብ ይከለክላል። ሊቀመንበሯ ይህችው ናት፤ ዕድሜዋን የሰው ልብስ ስታጥብ የኖረች፣ ሰፈሩ «እትዬ ሊቀመንበር» እያለ የሚጠራት።

እጆቿን አየ። ዘጠኙ ጣቶቿ ኖራ ለብሰዋል። የቀኝ አውራ ጣቷ ብቻ ተጠርጓል፤ ጫፉ ላይ ወይን ጠጅ ቀለም አለበት።

«ደግነቱ ተስማምታ ነው የሞተችው» አለ ከኋላው አንድ ድምፅ።

የከተማው የማኅበረሰብ ትብብር ኃላፊ ነበር፤ ጫማው የሚያብለጨልጭ፣ የቆዳ ቦርሳ ያነገበ ጎልማሳ። አንድ ወረቀት አውጥቶ ሰጠው። «ሁለት ሰዓት ላይ መጥቼ አነጋገርኳት። ፈቀደች፣ አሻራዋን አደረገች፣ በሩብ ሰዓት ውስጥ ትቻት ወጣሁ። ምስኪን፣ በዚህ ዕድሜዋ መሰላል ምን ያደርግላታል?»

መርማሪው ወረቀቱን አገላበጠ። ከታች ክብ የጣት አሻራ አለ። የወረቀቱ ጠርዝ ሁሉ ንጹሕ ነው።

«ለኮሚቴው አሳይተዋል?»

«በሐዘናቸው ላይ? ላንተም ያሳየሁህ ነገሩ እንዳይጓተት ነው፣ ወንድሜ። ታነባለህ አይደል?»

«ፊደል ቆጥሬያለሁ።»

«እንግዲያው ግልጽ ነው። አምስት ጊዜ ሕዝብ አወያይተናል። አምስቱም የተሰብሳቢዎች የስም መቆጣጠሪያ እዚህ አለ» ብሎ ቦርሳውን መታ መታ አደረገው። «አላሳተፋችሁንም የሚል አፍ እንዳይኖር።»

«ስብሰባዎቹን የመሩት እርስዎ ራስዎ ነዎት?»

«ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ።»

ሬሳውን የመረመረው ሐኪም ጓንቱን እያወለቀ፣ ሴትዮዋ እንደወደቀች ወዲያው እንዳልሞተች ነገረው። ግማሽ ሰዓት ያህል ትንፋሽ ነበራት። መርማሪው ይህን ማስታወሻው ላይ አሰፈረ።

መጀመሪያ የኮሚቴውን ጸሐፊ ጠራ፤ ሦስት ሰዓት ላይ ሬሳውን ያገኘው መምህር ነው። በሕፃናቱ ትንንሽ ወንበሮች ላይ ጉልበታቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ።

«ከሷ ጋር ተጣልታችሁ ነበር ይባላል።»

«ባለፈው ሳምንት። ሕንፃው ውስጥ ለትምህርት አንድ ክፍል እሰጣችኋለሁ ብሎ ኃላፊው ቃል ገባልኝ፤ እንፈርም አልኳት። ‹አንተ የተማርክ ስለሆንክ ቶሎ ታምናለህ› አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገርንም።» ወደ ደጃፉ ዞረ። «በኩርፊያ ሞተችብኝ።»

መርማሪው የመምህሩን ጠረጴዛ ተመለከተ። ጠመኔ፣ ደብተር፣ እስክሪብቶ። «የአሻራ ቀለም የላችሁም?»

«ሁለት ዓመት ሆነው ከጠፋ። ምነው?»

«እንዲያው ነው።»

ቀጥሎ የገባው ሌላው የኮሚቴ አባል ነው፤ ሙያው ቧንቧ ጥገና፣ ስሙም «ቧንቧው»። እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ ቆመ።

«ትናንት በሰው ፊት ‹ከዚያ ወንበር ጎትቼ ባላወርድሽ› ብለህ ዝተህባታል።»

«ብያታለሁ፣ ጋሼ። ቤቴ በር ላይ ወረቀት ለጥፋ የሰፈር መሳቂያ አደረገችኛ።»

ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ፊደሎቹ ትልልቅና ጎባጣ ናቸው፦ «ቧንቧው፣ የላይኛው ቧንቧ ዛሬም ውሃ የለውም። አፍህ ግን ደህና ይፈሳል።»

መርማሪው ሳይወድ ፈገግ አለ። «ከተናደድክ ለምን አልቀደድከውም?»

ቧንቧው በክንዱ ዓይኑን ጠረገ። «ለሰው የጻፍኩት የመጀመሪያ ደብዳቤ ነው አለችኝ፣ ጋሼ። እንዴት አድርጌ ልቅደደው?»

መርማሪው ወረቀቱን ተውሶ ኪሱ ከተተው።

ስድስት ሰዓት ላይ ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበ። መምህሩና ቧንቧው ፊት ለፊት ተቀመጡ። ኃላፊው ሰዓቱን እያየ ከመስኮቱ አጠገብ ቆመ። ከውጭ የዶዘሩ ሞተር ያጉረመርማል።

«መምህር፣ አንተ እንድትፈርም ትፈልግ ነበር። ቧንቧው፣ አንተ ዝተህባታል። ሁለታችሁንም ጠርጥሬያለሁ» አለ መርማሪው። «አሁን ይህን እዩ።»

አሻራ ያለበትን ወረቀት ከፍ አድርጎ ያዘው። መምህሩ ብድግ አለ። «ይህ የእሷ አይደለም።»

«ጣቱ የእሷ ነው። ፈቃዱ ነው የእሷ ያልሆነው።» ወደ ኃላፊው ዞረ። «ሴትዮዋ ግድግዳ እየቀባች ነበር። ሊፈርም የሚታጠብ ሰው ሁለት እጁን ይታጠባል እንጂ አንድ አውራ ጣት አይጠርግም። ሳትታጠብ ወረቀቱን ይዛው ቢሆን ደግሞ ኖራ በነካው ነበር። ወረቀቱ ንጹሕ ነው። እሷ አልያዘችውም። ሌላ ሰው ነው እጇን ይዞ ያሳረፈው።»

«ግምት ነው» አለ ኃላፊው።

«ይሁን። መምህር፣ ቀለሙ እንዴት ነው የጠፋው?»

«ራሷ ጣለችው። በስልሳ ዓመቷ ነው ያስተማርኳት። ስሟን የጻፈች ቀን ቀለሙን ከጠረጴዛዬ አንስታ ቦይ ውስጥ ወረወረችው። ‹ይህ ጣት ከዛሬ በኋላ አይቆሽሽም› አለች።»

«መጻፍ እንደምትችል ቧንቧውም ያውቃል፤ ደብዳቤዋ ኪሱ ነበር። ከሁለቱ አንዱ ፈቃዷን ሊሰርቅ ቢፈልግ ፊርማዋን አስመስሎ ይጽፍ ነበር እንጂ ጣቷን አይነካም። ጣቷን የሚያነሳ፣ መጻፍ አትችልም ብሎ ያመነ ሰው ነው። የስም መቆጣጠሪያዎቹን ያምጡልኝ።»

ኃላፊው አልተንቀሳቀሰም። ቧንቧው ቦርሳውን ከኃላፊው ትከሻ አውልቆ አቀበለ። መርማሪው አምስቱን ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው። በእያንዳንዱ መጀመሪያ መስመር ላይ፣ ከሁሉም ስም የበለጠ ቦታ የያዘ፣ በጎባጣ ፊደል የተጻፈ የሊቀመንበሯ ስም ነበር። የቧንቧውን ደብዳቤ ከጎናቸው አስቀመጠ። ያው እጅ ነው።

«አምስት ጊዜ ፊት ለፊትህ ጻፈች። አምስቱንም በቦርሳህ ተሸክመህ ዞርክ። አንድ ቀን ቀና ብለህ አላየሃትም።»

«አንተ አትበለኝ» አለ ኃላፊው። «ከማን ጋር እንደምትነጋገር እወቅ።»

«እርስዎ የምለው ሰው ሐኪም ይጠራ ነበር። ግማሽ ሰዓት ትተነፍስ ነበር። አንተ በዚያ ግማሽ ሰዓት ቀለም ፈለግክ።»

ቦርሳውን ገለበጠው። ወይን ጠጅ የማኅተም ቀለም የያዘ ትንሽ ክብ ቆርቆሮ ወለሉ ላይ ወድቆ ተንከባለለ። ክዳኑ ላይ ነጭ የኖራ ዱቄት ተጋግሯል።

«ውረጂና ፈርሚ አልኳት» አለ ኃላፊው፣ እንደተበደለ ሰው። «ዞራም አላየችኝ። እየሳቀች መቀባቷን ቀጠለች። መሰላሉን ነቅነቅ ነው ያደረግኩት። የትምህርት ቤት ደጃፍ እንኳ ያልረገጠች ልብስ አጣቢ፣ እኔን...»

ቧንቧው ተነሳ። መምህሩ በክንዱ ያዘው።

«ተወው» አለ መርማሪው። «ጨርሷል።»

ስልኩ ጮኸ። «አራተኛ፣ ዘጋኸው?» አለ አለቃው።

«ዘግቼዋለሁ። ግድያ ነው። ሪፖርቱን በእጄ ጽፌ አመጣለሁ።»

«ኧረ ጸሐፊዋ ትጻፍልህ። ያንተን ጽሑፍ ማን ያነበዋል?»

«አንተ ታነበዋለህ» ብሎ ዘጋው።

ወደ ውጭ ወጣ። የዶዘሩ ሹፌር ከላይ ሆኖ አንገቱን አሰገገ። «አባት፣ እንጀምር?»

«ሞተሩን አጥፋ።»

«ፊርማ ያለበት ወረቀት ከሌለ አላጠፋም። እኔም አለቃ አለብኝ።»

መርማሪው ማስታወሻውን አወጣ። ደረጃው ላይ፣ ከደረቀው ኖራ አጠገብ፣ የሚያመውን ጉልበቱን አጥፎ ተቀመጠና ቀስ እያለ ጻፈ፦ «ይህ ቦታ የግድያ ምርመራ ቦታ ነው። ማንም አይነካውም።» ከታች ሙሉ ስሙን እስከ አያቱ ጻፈ። ፊደሎቹ ጎባጣ ነበሩ።

ሹፌሩ ወረቀቱን ተቀብሎ አነበበው። እንደገና አነበበው። ከዚያ እጁን ወደ ቁልፉ ሰደደ፤ ከጠዋት ጀምሮ ሲያጉረመርም የዋለው ሞተር ጸጥ አለ።