የሁለት ሐይቆች ደጃፍ

አቶ ማላኪ ታይ በወጥ ቤታቸው ወለል ላይ በጀርባቸው ተዘርግተው ተገኙ። የጭንቅላታቸው ኋላ በምድጃው ድንጋይ ጠርዝ ተፈንክቷል፤ ዓይኖቻቸው ግን እንደተኛ ሕፃን ተከድነዋል። እኒህ ሰው እንደ ማንኛውም ጡረተኛ መምህር የሚታዩ አልነበሩም። በአየርላንድ፣ በሜዮ ምድር ላለፉት ሁለት መቶ ዓመታት ማን ተወለደ፣ ማን ተዳረ፣ ማን በመርከብ ተሰደደ ቢባል፣ የደብሩ መዝገብ ራሱ ሲጠራጠር እሳቸውን ይጠይቅ ነበር። አያቱን ፍለጋ ከአሜሪካ የሚመጣ ሁሉ እግሩ መሬት ሳይነካ «የማላኪ ቤት በየት በኩል ነው?» ይላል።

ሳጅን ብሪዲ ጌራቲ ስትደርስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆኗል። ብሪዲ አንዲት ዶሮ ብቻ አይታ የዶሮ ሌባውን ከነአባቱ ስም የተናገረች ሴት ናት ይባልላታል፤ ይህም ቢሆን ተቀንሶ የተወራ ነው። በሩ ላይ የተቀበላት ፖሊስ ኦወን ነበር፤ ጡረታ ሊወጣ ሁለት ዓመት የቀረው፣ ማንኛውንም ወንጀል ከራት በፊት መዝጋት የሚወድ ወፍራም ሰው።

«ሳጅን፣ ነገሩ አልቋል» አላት። «አሜሪካዊቷ ናት። ጠዋት ስትጮህባቸው ፖስተኛው ሰምቷል። ሻርፗም ይኸው ወንበሩ ላይ ነው። ሰውየው ሲወድቁ ሰዓቱ ደንግጦ ቆሟል፤ ሰባት ሰዓት ከአሥር። ያን ጊዜ የት እንደነበረች ምስክር የላትም።»

«ሰዓት ይደነግጣል እንዴ ኦወን?»

«የኔ አንድ ቀን ደንግጦ ያውቃል።»

ብሪዲ የግድግዳውን ሰዓት የመስታወት በር ከፍታ ተወዛዋዥ ዘንጉን በጣቷ ገፋ አደረገችው። መሙያ ቁልፉን ሳትነካው ሰዓቱ ቋ፣ ቋ እያለ መሄድ ጀመረ። ቀጥላ በመስኮቱ ሥር ጎንበስ አለች። ወለሉ ላይ ውኃ ተኝቷል፤ መስኮቱ ግን ተዘግቶ ተቀርቅሯል።

«ይኼን የዘጋው ከእናንተ ማነው?»

«ማንም። ስንደርስ እንዲሁ ነበር።»

«ዝናቡ መቼ ነበር?»

«ከሰባት ተኩል እስከ ስምንት ተኩል። ምን ዝናብ ነው፣ የኖኅ ዘመን ነው እንጂ።»

ጠረጴዛው ላይ የሟቹ ማኅደሮች ተደርድረዋል። በአንደኛው ላይ «ዴቪት» ተብሎ ተጽፏል። ውስጡ ባዶ ነው።

አሜሪካዊቷ ሎሬታ ዴቪት እልፍኝ ውስጥ ካፖርቷን ሳታወልቅ ተቀምጣለች። አርባ አምስት ዓመት ይሆናታል፤ ዓይኗ በልቅሶ አብጧል።

«ፓስፖርቴን ወሰዱብኝ» አለች። «ነገ ጠዋት ካልበረርኩ አባቴን በሕይወት አላገኘውም። ሐኪሞቹ ከዓርብ አያልፍም ብለዋል። የላከኝ እሱ ነው፤ ዘሩ ከየት እንደሆነ ሳያውቅ መሞት አልፈለገም።»

«ከአቶ ማላኪ ጋር ምን አጣላሽ?»

«ቤቱን አገኘሁት አሉኝ። የአባቴ አያት የተወለዱበትን ቤት! ከዚያ ደግሞ አልነግርሽም አሉ። ‹መጀመሪያ ማነጋገር ያለብኝ ሰው አለ፤ ነገ ነይ› አሉኝ። እኔ ነገ የለኝም አልኳቸው። ጮህኩ፤ አልዋሽሽም። ከዚያ ወጥቼ ከመቃብር መቃብር እየዞርኩ ስም ሳነብ ዋልኩ።»

«አያትየው ስለ ቤቱ ምን ይሉ ነበር?»

«የአባቴ አያት ቶቢያስ ከነቤተሰባቸው በባለርስቱ ከቤት ሲባረሩ ዘጠኝ ዓመታቸው ነበር። የመንደሩን ስም እስኪሞቱ አፋቸው ላይ አላመጡትም። ደጃፉ ላይ ስትቆም ሁለት ሐይቅ ባንዴ ታያለህ፣ ይኼን ብቻ ነበር የሚሉት።»

ሁለተኛው ተጠርጣሪ የሟቹ የወንድም ልጅ ፈርጋል ነበር። እንግሊዝ አገር ያደገ፣ አጎቱ ወደ አረጋውያን ማቆያ ገብተው ቤቱ እንዲሸጥ ሲወተውት የከረመ ጎልማሳ ነው። ስምንት ሰዓት ላይ ከአውቶቡስ መውረዱን ሹፌሩ አረጋግጧል።

«በቀጥታ እዚህ መጣሁ» አለ። «አንኳኳሁ፣ ማንም የለም። የወጥ ቤቱ መስኮት ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ መጋረጃው እንደ ባንዲራ ውጭ ይውለበለባል፤ ዝናቡ እንዳለ ይገባል። ሽማግሌው አብደዋል አልኩና ወደ መጠጥ ቤት ሄድኩ።»

«በመስኮቱ ለምን አልገባህም?»

«እንግሊዝ አገር ያደገ ሰው ሳይጠራ ሰው ቤት አይገባም።»

ኦወን ከበሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኛስ ሳይጠሩ አገራችን ሲገቡ ነው የምናውቃቸው።»

ሦስተኛዋን ፍለጋ ብሪዲ ዳገቱን በእግሯ ወጣች። ወይዘሮ አትራክታ ሄሽን የስልሳ ስምንት ዓመት መበለት፣ የሟቹ ጎረቤትና አስከሬኑን አግኝተው የደወሉት ናቸው። ብሪዲ በሩን ከማንኳኳቷ በፊት ዞር ብላ ቁልቁል ተመለከተች። ከሥሯ፣ ከኮረብታው ግራና ቀኝ፣ ሁለት ሐይቆች ተኝተዋል። ከዚያ አንኳኳች።

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዳቦ ይዤላቸው ሄድኩ» አሉ ሴትዮዋ። «ወድቀው አገኘኋቸው፤ ደወልኩ።»

«የነኩት ነገር አለ?»

«ከስልኩ በቀር ምንም። ምን ልነካ ልጄ?»

«ሰባት ሰዓት ላይስ የት ነበሩ?»

«እዚሁ። ላሜ ምስክሬ ናት።»

«ላሟንም አነጋግራታለሁ» አለች ብሪዲ፤ ግን አልሳቀችም። የሴትዮዋ እጅ የሽርጣቸውን ኪስ ደጋግሞ ሲዳብስ እያየች ነበር።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ አስከሬኑ ከተነሣ በኋላ፣ ሁሉንም በሟቹ ወጥ ቤት ሰበሰበቻቸው። ሎሬታ የእጅ ሰዓቷን ታያለች። ፈርጋል ግድግዳውን ተደግፏል። ወይዘሮ አትራክታ ከምድጃው ራቅ ብለው ተቀመጡ።

«ፈርጋል» አለች ብሪዲ፣ «እናንተ አገር ሰው ሲሞት ሰዓት ታቆማላችሁ?»

«ለምን ብለን?»

«አንቺስ ሎሬታ?»

«አልገባኝም።»

ኦወን ቆቡን ቀስ ብሎ አወለቀ። «እናቴ ስትሞት አባቴ አቁሞታል» አለ። «ነፍሷ በወጣችበት ደቂቃ።»

«እዚህ ያደገ ሰው ሁሉ ያደርገዋል። ይኼ ሰዓት አልተበላሸም፤ የተሞላውም አላለቀም። ገፋ ሳደርገው ሄደ። ስለዚህ በእጁ ይዞ ያቆመው ሰው አለ። ሲሞት ያልነበረ ሰው ደግሞ ደቂቃውን ከየት ያውቃል? ዘጠኝ ሰዓት ላይ አስከሬን ያገኘ ሰው ቢያቆመው ዘጠኝ ላይ ነው የሚያቆመው። ያቆመው ሰው ሰባት ሰዓት ከአሥር ላይ እዚህ ነበር፤ ዓይናቸውንም ከድኖላቸዋል።»

ብሪዲ ወደ መስኮቱ ሄደች።

«ያው ሰው ነፍሳቸው እንድትወጣ መስኮቱን ከፈተ። ፈርጋል ስምንት ሰዓት ላይ ተከፍቶ አይቶታል፤ ዝናቡም የገባው በዚያ ነው። እኛ ስንመጣ ግን ተቀርቅሯል። እንደ ወጉ ሁለት ሰዓት ሲሞላ ይዘጋል፣ ነፍስ እንዳትመለስ። ከሰባት ከአሥር ላይ ሁለት ሰዓት ቁጠሩ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዳቦ ይዞ የመጣው ማነው?»

ኦወን የጫማውን ጫፍ ማየት ጀመረ።

«አቶ ማላኪ ‹መጀመሪያ ማነጋገር ያለብኝ ሰው አለ› ያሉት ሰውም ሩቅ አይደለም። ከወይዘሮ ሄሽን ደጃፍ ሁለት ሐይቅ ይታያል። ወረቀቱን ያቃጠሉት አይመስለኝም፤ ከኪስዎ ያውጡት።»

ሴትዮዋ አልካዱም። ከሽርጣቸው ኪስ የተጨማደደ ወረቀት አውጥተው ጉልበታቸው ላይ ዘረጉት። የድሮው የመሬት ግብር መዝገብ ቅጂ ነበር። የዴቪት ስም በመስመር ተሰርዟል፤ ከላዩ በሌላ ቀለም ሌላ ስም ተጽፏል።

«የአያቴ ስም ነው» አሉ። «ዴቪቶች ሲባረሩ የማንም ጎረቤት እጅ መሬቱን አልነካም። አያቴ ነካ። መቶ ዓመት ሙሉ ገዝተነው ነው እያልን ኖርን። የተባረረ ሰው መሬት ነጣቂ መባል እዚህ ምን እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ ብሪዲ። ቤተ ክርስቲያን አጠገባችን የሚቀመጥ አይኖርም፤ የልጅ ልጆቼን የሚያገባ አይኖርም።»

«እሳቸውስ ምን አሉዎት?»

«‹ልጅቷ ደጃፉ ላይ ልትቆም ብቻ ነው የምትፈልገው፤ እሺ በይኝ አትራክታ› አሉኝ። ለምነውኝ ነበር። ወረቀቱን ጎተትኩ፤ እሳቸውም ጎተቱ። ገፋኋቸው። ድንጋዩ ላይ… ድምፁን ሰማሁት። ከዚያ ሊደረግላቸው የሚገባውን አደረግኩላቸው።»

«ሌላ ሰው ሊታሰርበትም ነበር» አለች ብሪዲ።

«አውቃለሁ። ዝም አልኩ፤ አውቃለሁ።»

ብሪዲ ፓስፖርቱን ከኦወን ተቀብላ ለሎሬታ ሰጠቻት፤ በእጇም የኮሪደሩን ስልክ አሳየቻት። ሎሬታ ወረቀቱን ይዛ ሄደች። መስመሩ እስኪያገናኝ ሁሉም ቆመው ጠበቁ።

«አባዬ፣ አገኘሁት» አለች። የመንደሩን ስም ሁለት ጊዜ አነበበችለት። ብዙ አዳመጠች። ከዚያ የስልኩን መናገሪያ በእጇ ሸፍና ወደ ወጥ ቤቱ ዞረች።

«የቤቱ እሳት አለ ወይ ይለኛል። ያባረሯቸው ሰዎች ምድጃው ላይ ውኃ ደፍተው ነበር አሉ።»

«አለ በይው» አሉ ወይዘሮ አትራክታ። « ከተወለድኩ ጀምሮ አንድም ቀን ጠፍቶ አያውቅም። ማታ በአመድ አለብሰዋለሁ፣ ጠዋት እገልጠዋለሁ።»

ሎሬታ ነገረችው። ስልኩን ስትዘጋ ፊቷ ረጥቧል።

«ዛሬ እዚያ ቤት እደሪ ብሎኛል» አለች ለማንም ሳታነጣጥር። «አንድ ሌሊት እንኳ ከኛ ሰው ይደርበት ብሎኛል።»

ኦወን ሴትዮዋን ካፖርታቸውን አለበሳቸው። በሩ ላይ ሲደርሱ ሎሬታ መንገዳቸው ላይ ቆመች። እጇን ዘረጋች፤ ለሰላምታ ግን አልነበረም።

«የቤቱን ቁልፍ ይስጡኝ።»

«ቁልፍ የለውም» አሉ ወይዘሮ አትራክታ ዓይኗን ሳያዩ። «አያቴ በዚያ በር ላይ ቁልፍ እንዲገባ እስኪሞት አልፈቀደም። ማን እንዲገባ ብሎ እንደሆነ አንጠይቀውም ነበር።»