ባለቤት ያጣ ውጤት

ንጋት በማጅራት ገትር ታማ በገባች በአምስተኛው ቀን፣ ላሊበላ ውስጥ ባለ አንድ ትንሽ ሆስፒታል ሞተች። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር። አባቷ ቄስ ሰይፈ ሥላሴ ከቀብር በቀጥታ ፖሊስ ጣቢያ ሄደው «ነርሷ መድኃኒቱን ሸጣ፣ ልጄን ውኃ ወግታ ገደለችብኝ» ሲሉ ከሰሱ። ሲስተር ሰብሌ ታሰረች። ስትወሰድ ያየ ሁሉ «ዓይንሽ ላፈር!» አላት።

ጉዳዩን የያዘችው ኢንስፔክተር ነጅሚያ ወሬ የማትወድ፣ መዝገብ የምትወድ ሴት ናት። «ሰው ዋሽቶ ይክዳል፤ መዝገብ ግን ቢዋሽም በጽሑፍ ነው» ትላለች። መጀመሪያ ቄሱን ጠየቀች።

«ከአጠገቧ ተለይተዋል፣ አባቴ?»

«አንድም ቀን። አመተ ማርያምን ማርልኝ እያልሁ አምስት ቀን ቆምሁ» አሉ። ድምፃቸው ደርቋል።

ሰብሌም እንደ እሳቸው ደንዝዛ ነበር የጠበቀቻት።

«ውኃ ነው የወጋሻት?»

«የታዘዘላትን ፀረ ባክቴሪያ፣ ሴፍትሪያክሶን ነው። ትኩሳቱ ግን አልወረደም።»

«ታዲያ ለምን አልቀየራችሁም?»

«ረቡዕ ከጀርባዋ የቀዳነውን ፈሳሽ የላብራቶሪ ውጤት ስንጠብቅ። አልመጣም።»

የላብራቶሪው ባለሙያ ደሳለ ደግሞ «የንጋት ናሙና አልደረሰኝም» አለ። «ቢደርሰኝማ ማሽኑ የባክቴሪያውን ዘረመል አንብቦ መድኃኒት የሚቋቋም መሆኑን በአንድ ሰዓት ይነግረኝ ነበር።»

ነጅሚያ መዝገቡን ገለጠች። «ረቡዕ ስንት የጀርባ ፈሳሽ መረመርህ?»

«አንድ፤ የሌላ ሰው። መድኃኒቱን የሚቋቋም ሆኖ ስለተገኘ ቫንኮማይሲን የሚባለው መድኃኒት ይጨመር ብዬ ወደ ሕሙማን ክፍል ደወልሁ። በዚህ ስም የተኛ የለም አሉኝ። ተመላላሽ ናት ብዬ ውጤቱን አስቀመጥሁት።»

«ፈሳሹ የመጣበትን ብልቃጥ አምጣው።»

በማግስቱ ጠዋት ሁሉንም በሆስፒታሉ መሰብሰቢያ ክፍል አስቀመጠቻቸው። ሰብሌ በካቴና ነበረች።

«መድኃኒቱ ውኃ አልነበረም» አለች ነጅሚያ። «ከዚያው ካርቶን የተወጉ ሁለት የሳምባ ምች ሕሙማን ድነው ወጥተዋል። ንጋትን ያልፈወሳት ባክቴሪያው ስለተቋቋመው ነው። ማሽኑ ይህን ረቡዕ ዕለት ያውቅ ነበር። ያን ቀን ፈሳሽ የተቀዳው ከአንዲት ታካሚ ብቻ ነው፤ ላብራቶሪውም የተቀበለው አንድ ብቻ። ስለዚህ የጠፋ ናሙና የለም።» ብልቃጡን ለቄሱ አቀበለች። «ያንብቡልን፣ አባቴ።»

«አመተ ማርያም» ብለው አነበቡ።

«የማን ጽሑፍ ነው?»

ቄሱ ብልቃጡን ወደ ብርሃኑ አዞሩት። «የእኔ። ልጂቱን ሕመሙ ሲያንፈራግጣት ሲስተር በሁለት እጇ ይዛት ነበር። ብልቃጡ ላይ ስሟን ይጻፉልኝ አለችኝ። ለታመመ ስንጸልይ የምንጠራው የክርስትና ስሙን ነው። ንጋት የሚለው በዚያ ሰዓት ትዝም አላለኝ።»

ነጅሚያ ብልቃጡን ከእጃቸው ተቀበለች።

«ረቡዕ ቢቀየርላት ትድን ነበር?» አሉ ቄሱ።

ደሳለ አቀረቀረ። ነጅሚያ ብትዋሽ ማንም አይፈርድባትም ነበር፤ አልዋሸችም። «ልትድን ትችል ነበር፣ አባቴ።»

እንባ አልመጣቸውም። «ሲስተርን ፍቷት» አሉ።

ካቴናው ሲወልቅ ሰብሌ ደስታ አልተሰማትም። «ይጻፉልኝ ያልኋቸው እኔ ነኝ» አለች። «የጻፉትንም አላየሁም።»

በሩ ተከፍቶላታል፤ አልወጣችም። ሄዳ ከቄሱ አጠገብ ቆመች። እሳቸውም ፈቀቅ ብለው ቦታ ሰጧት።