ቅጥያና እጅጌ

«አንቺ ልጅ፣ ዛሬስ ቆሽቴን አሳረርሽው። አንዱን ቃል ስንቴ ነው የምትይው?»

እናቷ ይህን ያለችው ቀና ሳትል ነው። እግሯ የስፌት መኪናውን ፔዳል ይረግጣል፤ ጣቶቿ የዩኒፎርም እጅጌ እየመሩ ወደ መርፌው ያስጠጋሉ። ፍንጭት ደግሞ ወለሉ ላይ፣ በቁርጥራጭ ጨርቅ መሀል ተቀምጣ፣ የባዮሎጂ መምህሩ የሰጣቸውን ወረቀት ይዛ «ፓንክሪያታይቲስ፣ ፓንክሪያታይቲስ» ስትል ቆይታለች። ሰፈሩም ትምህርት ቤቱም ፍንጭት የሚሏት በፊት ጥርሶቿ መካከል ባለው ክፍተት ነው። «ስ» ስትል ትንሽ ያፏጭባታል። እናቷን ያማረራትም ፉጨቱ ሳይሆን አይቀርም።

ነገ ፈተና አለባት። የጤና ክበቡ ለትምህርት ቤቶች ውድድር ሁለት ተማሪዎችን ይልካል። አንዱን ቦታ ጓደኛዋ ዲክሽ ይዛዋለች፤ ይህ ስም የወጣላት ዲክሽነሪ የዋጠች ስለምትመስል ነው። ለቀረው ቦታ ፍንጭትና ቀውላላው የሚሉት ልጅ ይፋጠጣሉ። መምህሩ ስለ ምግብ ልመት አካላት አንድ የሕክምና ቃል ይጠራል፣ ተማሪው ሥሩንና ቅጥያውን ለይቶ ትርጉሙን ይናገራል። ፍንጭት ቦታውን ከልቧ ትፈልገዋለች። እስከ ዛሬ በክበቡ ውስጥ የምትታወቀው ወንበር በመደርደር ነው፤ እሱም ሰልችቷታል።

«እማ፣ ምን አልሽ አሁን?»

«ቆሽቴ አረረ አልኩ።»

ፍንጭት ወረቀቱን አየች። ፓንክሪያስ፣ ቆሽት። አይቲስ፣ መቆጣት። እንደገና አየችውና በሳቅ ፈረሰች።

«እማ፣ ፓንክሪያታይቲስ ይዞሻላ።»

እናቷ መኪናውን አቆመች። ነገሩ ሲገባት እሷም ሳቀች። «እንግዲያው አባትሽ ከሄደ ጀምሮ ይዞኛል» አለችና «ጨጓራዬ ሲነድስ?» ብላ ጠየቀች።

«ጋስትሮ ጨጓራ ነው። ጋስትራይቲስ።»

«አንጀቴ ሲያርር?»

«ኢንተራይቲስ። አይቲስ ሁሉም ላይ ይገባል።»

«እጅጌ ነዋ» አለች እናቷ፣ በእጇ ያለውን እያነሳች። «የሸሚዙ አካል ይለያያል እንጂ እጅጌው ያው ነው። ሌላ እጅጌ አምጪ።»

ፍንጭት ሌሎቹን ቅጥያዎች አመጣች። ቶሚ መሰንጠቅ ነው ስትላት እናቷ መቀሱን አንስታ ቁራጭ ጨርቅ ሰነጠቀች። ኤክቶሚ ቆርጦ ማውጣት ነው ስትላት ቆረጠችና ወለሉ ላይ ጣለችው። ስቶሚ ቀዳዳ መክፈት ነው ስትላት ግን በሙያዋ የተደፈረች ያህል አኮረፈች። «የቁልፍ ቀዳዳ አትይም ታዲያ?»

«ኮሌሲስቴክቶሚ ደግሞ የሐሞት ከረጢትን ቆርጦ ማውጣት።»

«የታችኛው ግቢ ዘበኛ ሳያስወጣ አልቀረም። ትናንት ከድመት ሲሸሽ አይቼዋለሁ።»

እንዲህ እንዲህ እያሉ ወረቀቱን ሊጨርሱት ሲሉ ደንበኛ መጣና እናቷ ሜትሯን አንገቷ ላይ ጥላ ልትለካ ወጣች። የመጨረሻውን ቅጥያ ፍንጭት ያነበበችው ብቻዋን ነው። ራፊ፣ መስፋት ይላል። ባዶውን የመኪናውን ወንበር እያየች ሁለት ጊዜ አነበበችው።

በማግሥቱ ክበቡ በቤተ ሙከራው ክፍል ተሰበሰበ። ጋስትራይቲስ ለቀውላላው ደረሰው፤ መለሰ። መምህሩ ወደ ፍንጭት ዞረ።

«ፓንክሪያታይቲስ።»

ይህማ የራሷ ቃል ነው። ደስ አላትና አፏ ከሐሳቧ ቀደመ። «ፓንክሪያስ ቆሽት፣ አይቲስ መቆጣት። ቆሽቱ ያረረ ሰው። ማለት… በጣም የተናደደ ሰው።»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። አንዱ ከኋላ «እኔም ስፈተን ይይዘኛል» አለ። ፍንጭት ጆሮዋ ድረስ ጋለች።

«ንዴት ነው በሽታው?» አለ መምህሩ፣ እሱም ሳቁን እየዋጠ። «ማነው እንዲህ ያስጠናሽ?»

ዲክሽ ከጎኗ በክርኗ ነካቻትና «ቀልዴን ነው በይ፤ ሙድ እየያዙብሽ ነው» ስትል አንሾካሾከች። ጓደኛዋ ያዘነችላት ከልቧ ነው፤ መውጫውም ቀላል ነበር። ቀልድ ነው ቢሉ ያልፋል፣ ማንም አይጠይቅም። ፍንጭት ግን ያ ጨርቅ የሰነጠቀና የቆረጠ የእናቷ እጅ ትዝ አላት። ቀልድ ነው ማለት እሱንም አብሮ መካድ መሰላት።

«እናቴ ነች ቲቸር። ልብስ ሰፊ ነች» አለች፤ ድምፅዋ መጀመሪያ ቀጠነ፣ ከዚያ ተስተካከለ። «ቃሉ አልያዝ ሲለኝ ቆሽቴ አረረ አለች፣ በዚያ ያዝኩት። ትርጉሙን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ንዴት አይደለም፤ ቆሽት የሚባለው አካል ሲቆጣ ነው፣ ሲያብጥና ሲታመም።»

ሳቁ ቀስ በቀስ በረደ። መምህሩ ግማሽ ነጥብ ሰጣትና ወደ ቀውላላው ዞረ።

«ኢንተሮራፊ።»

«ኢንተሮ አንጀት…» ቀውላላው ጣሪያውን አየ። «የአንጀት ፎቶ። ራጅ።»

«እሱ ግራፊ ነው። ሌላ ሰው?»

የዲክሽ እጅ እንኳ አልተነሳም። ፍንጭት እጇን አነሳች። ጆሮዋ ውስጥ ፔዳሉ ሲረገጥ፣ መርፌው ሲወጣና ሲገባ ይሰማታል።

«የአንጀት ስፌት» አለች። «ራፊ መስፋት ነው። ሐኪሙ የተሰነጠቀውን አንጀት መልሶ ሲሰፋው።»

«ይኸኛውንስ በምን ያዝሽው?»

«ቤታችን ውስጥ ሲሰፋ ነው ያደግኩት፣ ቲቸር።»

በዚህ ማንም አልሳቀም። ዲክሽ «አንቺ፣ ጉድ ነሽ» ብላ ጭኗን ቆነጠጠቻት፤ በጣም አመማት፣ ግን ደስ አላት። መምህሩ ሁለት ነጭ ጋውን ከመሳቢያው አወጣና አንዱን ለዲክሽ፣ አንዱን ለእሷ ሰጠ። ለውድድሩ ቀን ደረታቸው ላይ መጠሪያቸውን አስጠልፈው እንዲመጡ ነገራቸው።

እቤት ስትደርስ ጋውኑን ከቦርሳዋ አውጥታ የስፌት መኪናው ላይ አነጠፈችው። እናቷ ሁሉንም ሰማች። ንዴት የተባለው ጋ ስትደርስ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፣ «እናቴ ነች ቲቸር» የተባለው ጋ ግን ክር ፍለጋ አንገቷን አቀረቀረች። ቀዩን ክር አንዴ አንስታ መልሳ አስቀመጠችው፣ ሰማያዊውን መረጠች።

«በይ፣ ምን ብዬ ልጥለፍልሽ? ፍንጭት?»

ፍንጭት መንገዱን በሙሉ አስባበታለች።

«ራፊ በይው።»

«እሷ ደግሞ ማናት?»

«ያልነገርኩሽ አንድ እጅጌ ነበር፤ ደንበኛ ልትለኪ ስትወጪ ነው ያነበብኩት። ስፌት ማለት ነው፣ እማ። ያንቺ ሥራ። ሲጠይቁኝ እንዲህ ብዬ እነግራቸዋለሁ።»

እናቷ በመርፌው ቀዳዳ ውስጥ ክሩን ልታስገባ ሞከረች፣ ሳተችው፤ ደግማ ሳተችው።

«አንቺ ልጅ፣ አንጀቴን አራስሽው» አለች።

ፍንጭት ከልማዷ «ኢንተር…» ብላ ጀመረችና ቆመች። ወረቀቱን በሐሳቧ ከላይ እስከ ታች ሄደችበት። ለሚያርረውም፣ ለሚቆረጠውም፣ ለሚሰፋውም ቅጥያ አለ። ለሚርሰው ግን መምህሩ አልሰጣቸውም። ተወችውና ጋውኑ ሲጠለፍ እንዳይሸበሸብ ጫፉን ይዛ ወጠረችላት።