አፕዴት ለሪራ

ሀይማኖት ሀብተሚካኤል ሮቤ ቢሮዋ ገብታ ሻይዋን ገና ፉት እንዳለች ስልኳ ጮኸ።

«ይቅርታ፣ የፍሪጅ ማሽኖቹን የሚቆጣጠሩት እርስዎ ነዎት?» አለ አንድ የወንድ ድምፅ፣ ትሕትናውን በግድ እየያዘ።

«አዎ፣ እኔ ነኝ። ማን ልበል?»

«ወንዶሰን እባላለሁ፣ ሪራ ጤና ጣቢያ ነው የምሠራው። የክትባት ፍሪጃችን ላይ ያለችው ሳጥን ከትናንት ጀምሮ ዝም ብላለች። ማታ ነፋስ የሶላሩን ገመድ ነቅሎት አድሯል። ጠዋት ስከፍተው ፍሪጁ ሞቋል። ሳጥኗ ብትነግረን ኖሮ ያኔውኑ እንደርስለት ነበር!»

ሀይማኖት የሻይ ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

ጎባ ተወልዳ ያደገች፣ ኮምፒውተር ተምራ ሮቤ በአንዲት ትንሽ ድርጅት የተቀጠረች ልጅ ናት። ድርጅቱ ራቅ ባሉ ጤና ጣቢያዎች የክትባት ፍሪጅ ላይ መዳፍ የምታክል፣ ሁለመናዋ በአንዲት ሰሌዳ ላይ ያለቀ ኮምፒውተር ይገጥማል። ፍሪጁ ሲሞቅ ኮምፒውተሯ ለሠራተኞቹ መልእክት ትልካለች። ትናንት ሀይማኖት ለሁሉም አዲስ ከርነል ልካላቸው ነበር። ከርነል የማሽኑ እምብርት ነው፤ ፕሮግራሞቹን ከማሽኑ አካል ጋር የሚያገናኘው እሱ ስለሆነ፣ እሱ ካልተነሳ ሌላው ሁሉ አይነሳም። የሌሎቹ ቦታዎች ሳጥኖች አዲሱን ተቀብለው በሰላም ተነሱ። የሪራዋ ግን ጠፋች። ሀይማኖት እንደ ወትሮው ኔትወርክ ተቋርጦ ነው ብላ ወደ ቤቷ ሄዳ ነበር።

«ክትባቶቹስ?» አለች።

«ገመዱን ቀጥለነዋል፤ ክትባቶቹን ግን በበረዶ ሳጥን ይዤ ወደ ጎባ ልወርድ ነው። ይተርፋሉ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። እናቶቹን ግን ሌላ ቀን ተመለሱ ብያቸዋለሁ። ልጅ አዝለው ጫካውን በእግራቸው አቋርጠው ነው የመጡት።»

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች ሀይማኖት። «አዲስ ነገር ልኬባት ነው። ሳልነግራችሁ መላክ አልነበረብኝም። ነገ ራሴ እመጣለሁ።»

ለክርክር ተዘጋጅቶ የነበረው ሰው «እሺ» ብቻ ብሎ ዘጋ።

በማግስቱ በሪራ በኩል ወደ ደሎ መና በሚሄድ መኪና ተሳፈረች። ሰነቴ አምባ ላይ ጉሙ ረጃጅሞቹን የጅብራ ተክሎች እስከ አንገታቸው ውጧቸው ስለነበር ሹፌሩ በቀን መብራት አብርቶ ነዳ። መንገዱ ወደ ሃረና ጫካ ቁልቁል ሲታጠፍ ጉሙ ከኋላ ቀረ፤ አየሩም እርጥብ ቅጠል ቅጠል ይሸት ጀመር።

ጤና ጣቢያው በር ላይ ነርሷ ሳቢሪን ተቀበለቻት።

«በጋ ነጋን ዱፍቴ! እንኳን ደህና መጣሽ! ነይ ግቢ፣ ብርድ ጠብሶሻል!» አለችና ወደ ውስጥ ዞራ፣ «ወንዶሰን! የማሽኗ ሐኪም መጣችልህ!» ስትል ተጣራች።

ከነጭ ጋዋኑ ሥር ወፍራም ሹራብ የለበሰ ቀጠን ያለ ወጣት ብቅ አለ። ሁለቱም ተያዩ። እሷ ግንባሩን የቋጠረ ጎልማሳ ጠብቃ ነበር፤ እሱ ደግሞ መነጽር ያደረጉ ትልቅ ሴት ሳይጠብቅ አልቀረም። መጀመሪያ ዓይኑን የሰበረው እሱ ነው።

ሀይማኖት ሳጥኗን ከፈተች፣ ሚሞሪ ካርዷን አውጥታ ላፕቶፗ ላይ ሰካችና ታየው ጀመር። የሪራዋ ሰሌዳ ከሌሎቹ ቀደም ያለች ስሪት ነበረች፤ አዲሱ ከርነል አላወቃትም። አሮጌውን መልሳ ጫነችና ካርዱን ቦታው አስገባች። አረንጓዴዋ መብራት ብልጭ፣ ብልጭ አለች።

«ተነሳች!» አለ ወንዶሰን፣ ራሷን ስታ የቆየች በሽተኛ ዓይኗን የገለጠች ይመስል።

«ለጊዜው ነው። አሮጌው ከርነል ክፍተት አለበት፤ ተንኮለኛ ሰው ሊገባበት ይችላል። ለሷ የሚሆነውን አዘጋጅቼ ተመልሼ እመጣለሁ። ከእንግዲህ ሳልነግርዎ ከሩቅ አልልክም።»

«እኔም ከእንግዲህ በስልክ አልጮህም» አለ። «ክትባቶቹ ተርፈዋል። ትናንት ደውዬ ልነግርዎ አስቤ ነበር፤ ግን ከዚያ ሁሉ ቁጣ በኋላ አፈርኩ።»

ሀይማኖት ሳቀች። ሳቋ ክፍሉን ሞላውና ሳቢሪን ከወዲያ በኩል አንገቷን ብቅ አድርጋ አየቻቸው።

እንዲህ ተጀመረ። ሪራ ላይ አፕዴት በተጫነ ቁጥር ሀይማኖት ራሷ መውጣት ጀመረች። ሥራው ሻይ ተጠጥቶ እስኪያልቅ ያልቃል፤ መኪና ግን እስከ ከሰዓት አይገኝም። እስኪመጣ ድረስ ሁለቱ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ያወራሉ። ወንዶሰን የደብረ ማርቆስ ልጅ ነው፤ እናቱ እዚያ ብቻቸውን ይኖራሉ። ጤና መኮንን ሆኖ ሪራ ሲመደብ አፋን ኦሮሞ አንድ ቃል አያውቅም ነበር። አሁን ከሪራ ማር ቆራጮች ጋር በቋንቋቸው ይቀልዳል፣ ይሸነፋልም።

አንድ ቀን ዝናቡ ጠናና ሀይማኖት ትከሻዋን ሰብሰብ አደረገች።

«በርዶሻል?» አላት።

«እርስዎ» ማለቱን መርሳቱን ሁለቱም ሰሙት። ሊያርመው አፉን ከፈተ።

«ተወው» አለች ሀይማኖት ዝናቡን እያየች። «እንደሱ ይሻላል።»

ጋቢውን አልብሷት ጎኗ ተቀመጠ። መኪናው እስኪመጣ ድረስ ዝናቡን አብረው አዩ።

ጎባ አብረዋት የሚኖሩት አባቷ፣ ጋሽ ሀብተሚካኤል፣ ልብስ ሰፊ ናቸው። ልጃቸው ወደ ሪራ ስትወጣ ማልዳ ተነስታ ጸጉሯን ስትሠራ አይተው፣ ስለ ጤና መኮንኑም ስታወራ ሰምተው በመጨረሻ ተናገሩ።

«ልጄ፣ እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ልብስ ስሰፋ ነው ያረጀሁት። ይመጣሉ፣ ይለመዳሉ፣ ዝውውራቸው ሲደርስ ይሄዳሉ። መጥፎ ሰው ነው አላልኩም። አገሩ ግን ሩቅ ነው።»

«አባዬ፣ እኔ የምሄደው ለማሽን ነው» አለች።

«እሺ» አሉ አባቷ፣ መቀሳቸውን እያነሱ። «ማሽኑን ሰላም በይልኝ።»

ብዙም ሳይቆይ ድርጅቱ ሳጥኖቹን እስከ አንጌቱ ከተማ ድረስ ላሉ ጤና ጣቢያዎች ለማዳረስ ወሰነ። ለያንዳንዱ አፕዴት ሰው መላክ አይቻልም ነበርና፣ መላ ፈልጊ ተባለች። መላውንስ ታውቀዋለች። አዲሱ ከርነል ሲጫን አሮጌው ሳይጠፋ ጎኑ ይቀመጣል፤ አዲሱ አልነሳ ካለ ማሽኗ ትንሽ ጠብቃ በራሷ ወደ አሮጌው ትመለሳለች። የሰው እጅ አያስፈልግም፤ ወደ ሪራ መውጣትም አይኖርም።

ሀይማኖት ሥራውን ጀምራ ትተወዋለች፣ ደግሞ ትጀምረዋለች። ችግሩ ከኮዱ አልነበረም። እጇን የሚይዘው የዚያ በረንዳ ነገር ነው። ኋላ ግን ልጅ ያዘሉት እናቶች ትዝ አሏትና አፈረች። ተቀምጣ ጨረሰችው።

ለመሞከሪያ ቀን ለመያዝ ጤና ጣቢያ ስትደውል ስልኩን ያነሳችው ሳቢሪን ነበረች።

«ወንዶሰንማ ሊሄድብን ነው፣ አልሰማሽም እንዴ?» አለች። «ዝውውሩ ወደ ደብረ ማርቆስ ደረሰለት። ወላሂ፣ እኔስ አልቅሻለሁ።»

ሀይማኖት ለሙከራው ቀን ይዛ ስልኩን ዘጋች። አልነገራትም። እሷም አልጠየቀችውም።

በሙከራው ቀን ጠዋት ደወለችለት።

«ሆን ብዬ የተበላሸ ከርነል ልልክ ነው። መብራቷ ትጠፋለች። አትንካት፣ ፍሪጁን ብቻ በቴርሞሜትር ጠብቅልኝ።»

«እሺ» አለ። ከዚያም፣ «ጠፋች» አለ።

ሁለቱም ጠበቁ። ትንፋሹ ይሰማታል። ከጀርባው ሕፃን ያለቅሳል፣ ዝናብ ቆርቆሮ ይመታል። እየጠበቀች ሳለ ማሽኗ ባትነሳስ የሚል ክፉ ምኞት ሽው አለባትና በራሷ ተናደደች።

«በራች!» አለ ወንዶሰን። «ሀይሚ፣ በራች! በራሷ ተመለሰች!»

የሪራ ፍሪጅ ሙቀት ስክሪኗ ላይ ታየ። ደስ አላት፤ ዓይኗ ግን እንባ አቀረረ።

«እንግዲህ አትመጪም ማለት ነው» አለ።

«ማሽኗ አትፈልገኝም።»

«ስለ ማሽኗ አልጠየቅኩሽም።»

«አንተስ መቼ ነው የምትሄደው?» አለችው። «ሳቢሪን ነግራኛለች።»

«ሀይሚ ስሚኝ፣ ዝውውሩን የጠየቅኩት—»

መስመሩ ተቋረጠ። ደግማ ሞከረች፣ አይሠራም። ከሰዓት በኋላ ኔትወርክ ተመልሶ የፍሪጁ መረጃ ገባ። የወንዶሰን ስልክ ግን አልመጣም። በማግስቱም አልመጣም። ሪራ ሁሉ ነገር ደህና መሆኑን ስክሪኗ ይነግራታል፤ እሷ የምትፈልገውን ግን አይነግራትም። ይሄኔ ሻንጣውን እያዘጋጀ ይሆናል አለች በልቧ። አባቷም እራት ላይ ፊቷን አይተው እንጀራውን ወደ እሷ ገፋ አደረጉላት።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ ነጠላዋን ሳታወልቅ የግቢው በር ተንኳኳ። ስትከፍተው ወንዶሰን ቆሟል፤ ጫማው በሰነቴ ጭቃ ተለውሷል።

«ምን ተበላሸ?» አለች በድንጋጤ።

«ምንም አልተበላሸም። ሳጥኗ ደህና ናት፣ ፍሪጁም ቀዝቃዛ ነው።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «ዝውውሩን የጠየቅኩት አንቺን ሳላውቅሽ ነው። በቀደም ሮቤ ወርጄ ጤና ቢሮ፣ አልሄድም፣ ተዉልኝ አልኳቸው። ያመመኝ መስሏቸው ነበር። ከዚያ ስወጣ ቢሮሽ ተዘግቶ ነበር።»

«ለምን አልደወልክም?»

«ዋናው ነገር ላይ ስደርስ እየተቆረጠብኝ! ፊት ለፊት ልነግርሽ ብዬ ነው።»

«እናትህስ?»

«ደወልኩላቸው። መጀመሪያ አለቀሱ። ኋላ፣ "ልጅቷ ሳቅ ታውቃለች?" ብለው ጠየቁኝ። ታውቃለች አልኳቸው። እንግዲያው ለበዓል ይዘሃት ና አሉኝ።»

ሀይማኖት እጇን ዘርግታ እጁን ያዘች፤ ቀዝቅዞ ነበር፣ በሁለት መዳፏ መሃል አደረገችው።

«ማነው እሱ?» አሉ ጋሽ ሀብተሚካኤል ከውስጥ። «የማሽኑ ሰው ነው?»

«አይደለም፣ አባዬ» አለች፣ እጁን ሳትለቅ። «ወንዶሰን ነው። እኔን ብሎ ነው የመጣው።»

ከውስጥ ወንበር ሲጎተት ተሰማ።

«ታዲያ በር ላይ ምን ታቆሚዋለሽ?» አሉ አባቷ። «ምሳ ቀርቧል፣ አስገቢው።»