ለሽማግሌ የተሰጠ ቀጠሮ

እድላዊት ዶክተር ቪንን መጀመሪያ ያየችው አሜሪካ ውስጥ፣ ሲዋርድ በሚባል ሰፈር ባለ ነፃ ክሊኒክ ነበር። እሷ ነርስ ናት፤ እሱ ከአሜሪካ ጦር በኮሎኔልነት የተሰናበተ የቀዶ ሕክምና ሐኪም። በልጅነቱ ከቬትናም በጀልባ ሸሽቶ ማሌዥያ መጠለያ ጣቢያ አድጓል፤ ጎልምሶ በኢራቅና በአፍጋኒስታን የቆሰሉትን ሲሰፋ ኖሯል። አሁን በየዓመቱ ስደተኞች ወዳሉበት እየሄደ በነፃ ያክማል።

ያን ቀን የሚያለቅስ ሕፃን ቁስል እያጠበ ጆሮው ሥር ያንጎራጉርለት ነበር።

«ምንድን ነው የምትዘፍንለት?»

«ዘፈን አይደለም። ጀልባዋ ላይ ድምፅ ማሰማት ክልክል ስለነበር እናቴ እንዲህ ነበር የምታባብለኝ።»

እድላዊት ፋሻውን አቀበለችውና ዓይኗን ሰበረች። ሁለት ክረምት አብረው ሠሩ፤ ተዋደዱ።

«አባትሽን ልጠይቃቸው» አላት አንድ ቀን።

«አንተ አትጠይቅም፤ ሽማግሌ ነው የምትልከው።»

«ኮሎኔል ሆኜም?»

«ጄኔራልም ብትሆን!» ብላ ሳቀችበት።

ቪን ሽማግሌ እንዲሆኑለት የለመናቸው የታክሲ ሾፌር አቶ ንዋይ ሁለት ሰዎች አስከትለው ሜፕልዉድ ወዳለው የአባቷ ቤት ሄዱ። አባቷ አቶ ሐብተማርያም ሰምተው ሲያበቁ «ልጅ በአንድ ቀን አይሰጥም። እንመካከርና የዛሬ ሁለት ሳምንት ተመለሱ» አሉ። ጓዳ ሆና የምትሰማው እድላዊት ፊቷ በራ። አባቷ ባይፈልጉ ኖሮ ቀጠሮ አይሰጡም ነበር።

አቶ ንዋይ ለቪን «ዛሬ አልሰጡንም» ብቻ አሉት፤ የቀረውን እሷ ታስረዳዋለች ብለው። እሷ ደግሞ አቶ ንዋይ አስረድተውታል ብላ አሰበች። እናቷም «ሽማግሌ መሐል ገብቶ ሴት ልጅ አትደውልም፤ ነውር ነው» ስላሏት ሳምንቱን ሙሉ ዝም አለች።

ቅዳሜ ክሊኒክ ስትገባ ቪን መሳቢያውን ባዶ እያደረገ ነበር።

«ወዴት ነው?»

«ምሥራቅ ቻድ። የስደተኞች ሆስፒታል ሐኪም አጥቷል። በፊት ለምነውኝ ስላንቺ ብዬ እንቢ ብዬ ነበር። አሁን እሺ አልኳቸው።»

«ስለኔስ?»

«አባትሽ አልሰጡኝም። አንቺም ዝም አልሽኝ።»

«እንቢ አላሉህም እኮ! ቀጠሮ ነው የሰጡህ። ወጉ ነው፣ ቪን። ለምን አልጠየቅከኝም?»

ቪን መሳቢያውን ገፋ አድርጎ ዘጋው።

«እናቴ መጠለያው ውስጥ እንቢ ያላትን ሰው ዳግመኛ አትለምንም ነበር» አለ። «ከሷ የወረስኩት ነው።»

«አሁንስ መቅረት አትችልም?»

«ሴቶች በምጥ እየሞቱ ነው፣ እድላዊት። መጣሁ ብያቸዋለሁ።»

ልትወቅሰው ፈለገች። ነርስ መሆኗ አፏን ያዘው።

«ለስንት ጊዜ?»

«ዓመት ይላሉ። ተተኪ ካልተገኘ ግን ትቼያቸው አልመጣም፤ ራሴን አውቀዋለሁ። አትጠብቂኝ።»

ሐሙስ ሄደ። ምናልባት ከመንገድ ይመለስ ይሆናል እያለች እድላዊት ለማንም ትንፍሽ አላለችም።

በቀጠሮው ቀን ሽማግሌዎቹ ካፖርታቸው ላይ በረዶ እንዳለ መጡ። አቶ ሐብተማርያም አዲስ ኮታቸውን ለብሰው ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ እድላዊት ከጓዳ ወጣች። እናቷ ቀሚሷን ቢይዟትም አልቆመችም።

«አባዬ፣ ምንም እንዳትላቸው። ሰውየው ሄዷል።»

አቶ ንዋይ ከመቀመጫቸው ተነሡ። «የት ሄደ?»

«አልሰጡኝም ብሎ ሄደ፣ ጋሼ ንዋይ።»

አቶ ንዋይ ያኔ ለቪን ያሉትን አስታወሱ መሰል፣ ቁጭ አሉና ፊታቸውን በባርኔጣቸው ሸፈኑ።

አባቷ የኮታቸውን ቁልፍ እየፈቱ ወደ እሷ ዞሩ።

«እኔ እኮ» አሉ፣ «የመጡ ዕለት ነው በልቤ የሰጠሁሽ። ቀላል ልጅ ናት እንዳይሉሽ ብዬ ነው ያቆየኋቸው።»

«አውቃለሁ፣ አባዬ» አለችና አጠገባቸው ተቀመጠች።