የሟሟው ድንጋይ

«እኔ አልነካሁትም! እውነቴን ነው!» አለች ጓደኛዋ። ጥፍሮቿ ግን ሰማያዊ ሆነዋል።

«ጠጠር» የምትባለው ልጅ ሳህኑን አየችው። ከአሮጌው የማዕድን ጉድጓድ አፍ ያገኘችው ሰማያዊ ድንጋይ የለም። ያለው ሰማያዊ ውሃ ብቻ ነው።

ሰፈሩ «ጠጠር» ያላት ኪሷ ከድንጋይ ባዶ ሆኖ ስለማያውቅ ነው። በዚህ በረሃማ ተራራ አቧራ የማይገባበት የለም፤ ስለዚህ ለትምህርት ቤቱ የማዕድን ውድድር የሚቀርብ ድንጋይ ሁሉ ይታጠባል። ጓደኛዋም ላግዛት ብላ አጠበችው፤ ድንጋዩም ውሃው ውስጥ ሟሟ። ለካ ያ ድንጋይ እስከ ዛሬ የኖረው እዚህ ዝናብ ስለማይዘንብ ነው!

ያሸነፈ ድንጋይ ካገኘው ሰው ስም ጋር በትምህርት ቤቱ መግቢያ ባለው የመስታወት ሳጥን ይቀመጣል። ጠጠር እዚያ መስታወት ላይ አፍንጫዋን ለጥፋ ነው ያደገችው። አሁን እንባዋ መጣ። ንዴቱ ደግሞ ከእንባው ይብሳል።

ውሃውን ልትደፋው ስትል ግን የአጎቷ ወሬ ትዝ አላት። አጎቷ ጉድጓድ ውስጥ ነው የሚሠራው። «መሮዬ ሰማያዊ ውሃ ውስጥ ወድቆ መዳብ ለብሶ ወጣ!» ብሎ ሲምል ቤተሰቡ ሁሉ ይስቅበታል።

«ሚስማር አምጪ» አለቻት ጓደኛዋን።

«የምን ሚስማር?»

«አምጪ አልኩሽ፣ አትጨቅጭቂኝ!»

በውድድሩ አዳራሽ ተራዋ ሲደርስ ሳህኗን ይዛ ቀረበች።

«ሾርባ ነው እንዴ?» አለ አንዱ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ጠጠር ጆሮዋ እየጋለ ሚስማሩን በክር አንጠልጥላ ነከረችው። ጠበቀች። ቀስ ብላ አወጣችው። ግራጫው ሚስማር ቀይ መዳብ ለብሷል!

ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። አጎቷ ከኋላ «አላልኳችሁም! አላልኳችሁም!» እያለ ይዘላል። ዳኛዋ፣ የማዕድን ማውጫው ጂኦሎጂስት፣ ከወንበራቸው ተነሡ።

«ውሃው ሲደርቅ ድንጋዩ ተመልሶ ይወጣል። ሚስማሩም ድንጋዩም ሳጥኑ ውስጥ ይገባሉ!» አሉ። ጠጠር በደስታ መቆሚያ አጣች። «ለመሆኑ ድንጋዩን ውሃ ውስጥ መክተቱ የማን ሐሳብ ነበር?» ሲሉ ዳኛዋ ጠየቁ።

ጓደኛዋ በሩ አጠገብ ሁለት እጆቿን ኪሷ ውስጥ ቀብራ ቆማለች። ለጠጠር «የእኔ» ማለት ቀላል ነበር። ማን ያውቅባታል?

ጠጠር በሰው መሀል ተሹለክልካ ሄዳ ክንዷን ያዘቻት።

«ዋሽቼሻለሁ እኮ» አለች ጓደኛዋ።

«አውቃለሁ፤ ጥፍርሽ ነግሮኛል። በይ አሁን እጅሽን አውጪና ነይ፤ ስማችንን ሊጽፉ ነው።»