ረዳት ክላክስ ሲሰማ

ክላክሱ ከጨፋ ሮቢት በኩል ሲሰማ ውሻው ጆሮውን አቆመ። ዓፊያ ገመዱን በእጇ ለመጠምጠም እንኳ ጊዜ አላገኘችም። አንዴ ተወርውሮ የጋራዡን አጥር ዞረ፤ እሷም አንድ ነጠላ ጫማዋ ኋላ ቀርቶ፣ ሻርፗ ትከሻዋ ላይ ወርዶ፣ እስከ አስፋልቱ ድረስ ተጎተተች።

የመጣው በቆሎ የጫነ አይሱዙ ነበር። ውሻው ጎማውን ሊያሸት ቃጣው፣ ቀና ብሎ የሾፌሩን መስኮት አየ፣ ከዚያ ባለበት ቆመ። መኪናው ወደ ደሴ አቅጣጫ አለፈ። ውሻው የመንገዱ ዳር ላይ ቁጢጥ ብሎ መኪናው የሄደበትን ማየቱን ቀጠለ።

«ረዳት! ወራጅ አለ!» አለ ከባጃጅ ተራው አንዱ።

«ረዳት፣ በሩን ዝጋ እንጂ፣ ነፋስ ገባ!» አለ ሌላው። ተሳሳቁ።

ስሙ እውነትም ረዳት ነው። ያወጣለት ባለቤቱ ሾፌር ዘይኑ ነበር። «ሰው ረዳት ስቀጥር ናፍጣዬን ይሸጥብኛል፤ ይሄኛው ከአጥንት ሌላ አይፈልግም» ይል ነበር። ረዳት ከቡችላነቱ ጀምሮ ያደገው ዘይኑ ያኔ ይነዳው በነበረው አይሱዙ ጭነት ላይ ነው። ዘይኑ ምሳ ሊበላ ሲወርድ ከሸራው ላይ ሆኖ ይጠብቃል፤ ሰው ከተጠጋ ይጮሃል፤ ጌታው አፉን እየጠራረገ ሲመለስ ጭራውን ይቆላል። ከዚያ ዘይኑ የጅቡቲ መስመር ላይ ተሳቢ የመንዳት ሥራ አገኘ። መኪናው ደግሞ የድርጅት ነው፤ ውሻ አይጭንም። ያኔ ነው ዘይኑ ገመዱን ለዓፊያ ያስረከባት።

ለምን ለሷ ቢባል፣ ዓፊያና ጓደኛዋ ሙና በከሚሴ እንስሳ ጠባቂ ናቸው። ሥራው የተጀመረው በአንዲት ድመት ነው። አስተማሪያቸው ለዒድ ወደ ቤተሰቦቿ ስትሄድ ድመቷን ማን ጋ እንደምትተዋት ጨነቃት፤ ዓፊያ «እኔ አለሁ» አለች። ሙና፣ አጋጣሚ ማሳለፍ የማትወድ ልጅ፣ የቴሌግራም ገጽ ከፈተችና «የሚሄድ ሰው ካለ፣ የሚቀር እንስሳ ካለ፣ እኛ አለን» ብላ ጻፈችበት። ሰፈሩ «ለድመት ሞግዚት!» ብሎ ሳቀ። ነገር ግን በከሚሴ ከሌላ አገር ተመድበው የሚሠሩ ሠራተኞች ሞልተዋል፤ በዓል በመጣ ቁጥር ዶሮም፣ ድመትም፣ አንዳንዴ በግም ትተው ይሄዳሉ። ሳቁ ቀስ በቀስ ቀነሰ።

ለውሻው ግን አልቀነሰም። ከሚሴ ውስጥ ውሻ በገመድ ሲሄድ ከታየ፣ ወይ አብዷል ወይ ተሰርቋል። አያቷ አኮ ፋጡሜም ወዲያው አልፈቀደችም።

«ማብላቱ አጅር አለው፣ አላህ ይከፍላል» አለች በመጨረሻ። «ግቢዬ ግን አይገባም። ልብስሽንም እዚያው ለውጠሽ ነይ። ከላሰሽ ደግሞ ሰባት ጊዜ ትታጠቢያለሽ፣ አንዱን በአፈር። እየሰማሽኝ ነው?»

«እየሰማሁ ነው አኮ።»

ስለዚህ ረዳት ከጋራዡ ጀርባ፣ ዘይኑ በተወለት የቆርቆሮ ቤት ውስጥ፣ የዘይኑን አሮጌ ኮት ምንጣፍ አድርጎ ይኖራል። ዓፊያ ከትምህርት በፊት ታበላዋለች፤ ከትምህርት በኋላ ለሱ ብቻ የለየችውን የውሻ ቀሚሷን ለብሳ እስከ ቦርከና ወንዝ ታንሸራሽረዋለች። ማሽላው እዚያ ከሰው ቁመት በላይ ስለሆነ የሚስቅባቸው አይኖርም።

ዘይኑ ከሄደ ጀምሮ በስልክ ድምፁን ይልካል። «ረዳት! ኮቱ! ና እንጂ!» ይላል፣ በኦሮምኛም በአማርኛም እየጠራው፣ ከዚያ ይስቃል። ዓፊያ አንዴ አሰማችው። ውሻው ስልኩን አሸተተ፣ የቆርቆሮውን ቤት ዞረ፣ ኮቱን በጥርሱ ጎትቶ አወጣና ሥሩን ፈለገ። ያን ቀን ምግብ አልቀመሰም፤ በማግስቱም። ከዚያ ወዲህ የሚላከው ድምፅ ስልኳ ውስጥ ይቀራል። ዘይኑ «አሰማሽው?» ሲል «አዎ» ትላለች።

ይህን ማንም አላስተማራትም። የቤታቸው ወግ ነው። እናቷ መሪየም ጅዳ በሰው ቤት ትሠራለች፤ የሄደችው የዓፊያ ታናሽ ወንድም አሚር ገና ድክ ድክ ሲል ነው። በሄደች ሰሞን ሕፃኑ ድምፅዋን በስልክ በሰማ ቁጥር በሩ ላይ ቆሞ ያለቅስ ነበር፤ ቆይቶም ትኩሳት ያዘው። አኮ ፋጡሜ «በቃ፣ አታሰሙት፤ ሆዱ ይባባል» አለች። ጎረቤቱም ሁሉ፣ ሴት ልጁን ዓረብ አገር የሸኘ ቤት ሁሉ፣ እንደዚያው ነው የሚያደርገው። መሪየም በየጁምዓው ስትደውል አሚር ተኝቷል፤ ወይም ጎረቤት ሄዷል። አሁን አምስት ዓመቱ ነው። ስለ እናቱ አይጠይቅም። አኮ ፋጡሜን እማ ይላታል።

ዓፊያ ረዳትን ከአስፋልቱ ዳር እየጎተተች ጫማዋን ስትፈልግ ስልኳ ጮኸ። ሙናም ከወዲያ ማዶ፣ አንዲት ነጭ ዶሮ በብብቷ ይዛ መጣች።

«ያ ዓፊያ! አካም ጅርታ? ረዳት ደህና ነው?» አለ ዘይኑ።

«ደህና ነው ጋሼ ዘይኑ፣ አልሃምዱሊላህ።»

«እሰይ። ስሚኝማ። ሚሌ ቤት ተከራይቻለሁ፣ ግቢ ያለው። የፊታችን እሁድ ከአዲስ አበባ ባዶዬን ስመለስ በናንተ አልፋለሁ። አለቃዬን ለመንኩት፣ ለአንድ መንገድ ብቻ ጫነው አለኝ።»

ዓፊያ ገመዱን እጇ ላይ ጠመጠመችው።

«ግን እውነቱን ንገሪኝ» አለ ዘይኑ። ድምፁ ዝቅ አለ። «ውሻ ከሚያበላው ጋር ነው ይላሉ። እኔን ረስቶ አንቺን ለምዶ ከሆነ፣ ሁለተኛ ከቦታው አልነቅለውም፤ ነውር ነው። ያንቺ ይሁን። ካልረሳኝ ግን ልውሰደው። አብረሽው የምትውዪው አንቺ ነሽ፣ ያልሽኝን አምናለሁ።»

«እ… ልየውና ልንገርዎት?»

«እስከ ጁምዓ ንገሪኝ። ካልሆነ እዚያ ቆሜ ሰው አላስቸግርም፣ ቀጥ ብዬ አልፋለሁ።»

ሙና ሁሉንም ሰምታለች፤ የዘይኑ ድምፅ እንደሆነ ያለ ስልክም ሚሌ ይደርሳል።

«ምኑን ነው የምታዪው?» አለች። «ረስቶዎታል በይው፣ አለቀ!»

«ይዋሻል እንዴ?»

«ምኑ ነው ውሸቱ? ማን ያበላዋል? አንቺ። ጠዋት ጭራውን የሚቆላው ለማን ነው? ላንቺ። ነቄ በይ እንጂ አቦ!»

«አሁን ታዲያ አስፋልት ድረስ የጎተተኝ ምን ፈልጎ ነው?»

ሙና ዶሮዋን ወደ ሌላው ብብቷ አዛወረች። «እሱ ሱስ ነው። ይለቀዋል።»

ዓፊያ ሳቀች። ወደ ቆርቆሮው ቤት ሲመለሱ ረዳት እንደ ልማዱ አገጩን ጫማዋ ላይ ጣል አድርጎ ተኛ። እግሯን ማንቀሳቀስ አልፈለገችም። ቤት ስትገባ ውሃ ቅጂ አለ፣ አሚርን እጠቢ አለ፣ ሱቅ ሂጂ አለ። ከትምህርት ቤት የምትመጣበትን ሰዓት አውቆ፣ መንገዱን እያየ፣ እሷ በመምጣቷ ብቻ የሚደሰት ከዚህ ውሻ ሌላ ማን አላት? ድሮ እናቷ ነበረች። እናቷ የዓፊያን ኮቴ ከሩቅ ለይታ፣ ገና በሩን ሳትነካው «መጣሽ?» ትል ነበር። ያ «መጣሽ?» አሁን አሁን በምን ዓይነት ድምፅ ይባል እንደነበር እንኳ እየጠፋባት ነው።

ረስቶዎታል። አንዲት ቃል ናት። ምናልባትም ትንሽ ቆይታ እውነት ትሆናለች።

ጁምዓ ከሶላት በኋላ የእናቷ ጥሪ በኢሞ መጣ። አኮ ፋጡሜ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጋ መደብ ላይ አስቀመጠችው። አሚር ከውጭ፣ ከግድግዳው ጥግ፣ የለስላሳ ክዳን እየደረደረ ነበር፤ ዓፊያ በመስኮቱ ታየዋለች። መሪየም ስለ ጣሪያው ጠየቀች፣ ስለ ዓፊያ ፈተና ጠየቀች፣ ዝናቡ እንዴት ነው አለች። ከዚያ፦

«አሚርስ?»

«ተኝቷል ልጄ» አለች አኮ ፋጡሜ።

በወዲያኛው በኩል አየር ማቀዝቀዣ ይጮሃል።

«የኛና የናንተ ሰዓት እኮ አንድ ነው» አለች መሪየም። «አሁን ቀትር ነው። እኔ ስደውል ሁልጊዜ ይተኛል?»

አኮ ፋጡሜ ሻርፗን አስተካከለች። «ልጅ አይደል፣ ሲጫወት ደክሞት…»

«እሺ። ሳሙልኝ እንግዲህ።» ከዚያ ቀስ ብላ፣ ለራሷ እንደምታወራ፣ «ሩቅ ያለ ሰው ምን ያውቃል፣ ያሉትን ማመን ነው» አለች።

ስልኩ ተዘጋ። አኮ ፋጡሜ ዓይኗን ጠራርጋ ወደ ጓዳ ገባች። ከውጭ አሚር ክዳኖቹን አፍርሶ እንደገና ይደረድራል።

ዓፊያ የውሻ ቀሚሷን እንኳ ሳትለብስ ጋራዡ ጀርባ ሄደች። ረዳት ተነሥቶ ጭራውን ቆላላት። ሳትቀመጥ፣ ሐሳቧ ሳይለወጥ፣ ዘይኑ ጋ ደወለች።

«ጋሼ ዘይኑ፣ አልረሳዎትም።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ክላክስ በሰማ ቁጥር አስፋልት ላይ ነው። እስካሁን ኮትዎ ላይ ነው የሚተኛው። የላኩትን ድምፅም አሰማሁት እላለሁ እንጂ አላሰማሁትም። አንዴ ሰምቶ ምግብ እምቢ አለኝ፤ ፈራሁ።»



«ጀዛኪላህ ኸይር» ብሎ ዘይኑ አመሰገናት። ሌላ ምንም አልጨመረም።

እሁድ ከሰዓት ተሳቢው ከመንገዱ ማዶ ቆመ። ዘይኑ ክላክስ አልነካም። ከጋቢናው ወርዶ በሩን ዘጋና ጠጠሩ ላይ ቆሞ «ረዳት! ኮቱ!» አለ።

ውሻው ንቅንቅ አላለም። ገመዱ በዓፊያ እጅ ላይ ላላ። ለአፍታ፣ ለአንድ ትንፋሽ ያህል፣ ረስቶታል አለች በልቧ፤ እንዲረሳው ምን ያህል ትመኝ እንደነበርም ያኔ አወቀችው። ከዚያ ረዳት ሰምታው የማታውቀውን ድምፅ አወጣ፣ የሕፃን የሚመስል፤ ገመዱም ከእጇ ወጣ። ባጃጆቹ እንደ ምንም አሳለፉት።

ዘይኑ ተንበርክኮ ነበር የጠበቀው። ውሻው አገላብጦ ላሰው።

«ኧረ ፊቴን! ኧረ በአላህ! ስንቴ ልታጠብ ነው!» ይላል ዘይኑ፤ ግን አይገፋውም። ዓይኑ ቀልቷል። ከባጃጅ ተራው ማንም «ወራጅ አለ» አላለም።

ዓፊያ ኮቱን አጥፋ ሰጠችው። ረዳት ሳይጠራ ጋቢናው ውስጥ ገባ፤ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ አያትና ጭራውን ቆላላት፣ ነገም እንደምትመጣ ሁሉ። ተሳቢው ወደ ኮምቦልቻ መንገድ ተንቀሳቀሰ። ሙና አጠገቧ ቆማ ነበር። «ጅል ነሽ» አለቻት፤ ከዚያ እጇን ያዘቻት።

ቤት ስትደርስ አኮ ፋጡሜ የከሰዓቱ የዐስር ሶላት ላይ ነበረች። ዓፊያ ታጠበች፣ ልብሷን ለወጠች፣ አሚርን ከግቢው ጠራችና መደቡ ላይ አጠገቧ አስቀመጠችው። ጁምዓ አይደለም፤ እናቷ ሥራ ላይ ትሆናለች፤ ላታነሣም ትችላለች። ደወለች። ጠራ፣ ጠራ።

«ዓፊያ? ምን ሆናችሁ? ምን ተፈጠረ?»

«ምንም አልሆንንም እማ። አሚር እዚህ ነው።»

ስልኩን ሰጠችው። አሚር በሁለት እጁ ይዞ ጆሮው ላይ ለጠፈው።

«ማን ነሽ?» አለ።

ከወዲያ የተባለውን ዓፊያ አልሰማችም። የአሚርን ፊት ብቻ ነው የምታየው። መጀመሪያ ቅንድቡ ተሰበሰበ፤ ቀጥሎ የታችኛው ከንፈሩ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እንባው ወረደ። ስልኩን ግን አልለቀቀም፤ ይበልጥ ጆሮው ላይ ተጫነው።

አኮ ፋጡሜ ሶላቷን ጨርሳ ከመስገጃው ስትነሣ አየችው። «ዓፊያ! ምን አደረግሽ? ዝጊው! ዛሬ እራት አይበላልሽም!»

«አይብላ» አለች ዓፊያ። ከተቀመጠችበት አልተነሣችም። «እኔ አብሬው እቆያለሁ።»

አኮ ፋጡሜ እጇን ወደ ስልኩ ዘረጋች። ዓፊያ ወንድሟን ከነስልኩ ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ አቀፈችው።